ርስት በእርግጥ በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይመለሳልን?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የአገራችንን ተረትና ምሳሌ መንቀፍ እፈልጋለሁ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን። በላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ እስከ ብልባላ፣ ከሙጃ እስከ ጋሸና፣ ሙስሊሙም ሆነ ክርስቲያን ጎረቤቱ ይህን አባባል ሳይሰማ አላደገም። የአባቷን ቤት በሐሰት ወረቀት የተቀማች እህት አልቅሳ ወደ ሽማግሌ ስትሄድ፣ ሽማግሌው አንገታቸውን ነቅንቀው «ተይ ልጄ፣ ሶብር አድርጊ፤ ርስት እንደሆነ በሺህ ዓመቱም ለባለቤቱ ነው» ይሏታል። ሽማግሌው ክፉ አስበው አይደለም። ማጽናናታቸው ነው። እሷም ትጽናናለች፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ዝም ትላለች።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያ የተባለው ሺህ ዓመት ሦስት ዓመት ብቻ ነውና። ወራሽ መብቱን ካወቀና ንብረቱን ሌላ ሰው እንደያዘው ከተረዳበት ቀን አንስቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ የውርስ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ተረቱን አምና የተቀመጠች እህት አራተኛው ዓመት ላይ ብትነሣ፣ ቀማኛው «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይከራከራታል። ሐሰተኛ ወረቀት የሠራው ሰው ሕጉን ያውቃል፤ የተበደለችው ግን ተረቱን ብቻ ታውቃለች።

ነገሩ ከቤት ውስጥ ሲጀምር

ከዚህ በታች የማነሣው ቤት የአንድ ሰው ቤት አይደለም። ከልዩ ልዩ ቤት ካየሁትና ከሰማሁት የተሰበሰበ ስለሆነ «ይህ የእገሌ ነገር ነው» የሚል አይኑር።

አባትየው በላሊበላ ከተማ ሱቅና ቆርቆሮ ክዳን ቤት፣ በገጠር ደግሞ ጥቂት ከብት ነበራቸው። ታላቁ ልጅ ከሱቁ አልተለየም። አንደኛዋ ሴት ልጅ ወልድያ ተድራለች። ሁለተኛዋ ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ሠርታለች፤ የቤቱ ቆርቆሮ የተገዛው እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። የልጆቹ እናት ቀደም ብለው ስለሞቱ አባትየው ሌላ ሚስት አግብተው አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ ወልደዋል። እንግዲህ አባት ሞቱ። ሰደቃው ተደረገ፤ ዱዓው ተደረገ፤ ለቀስተኛው ተበተነ። ስለ ውርሱ ግን ማንም ቃል አልተነፈሰም። «የአባታችን አፈር ሳይደርቅ እንዴት ይነሣል?» ተባለ። ስድስት ወር አለፈ፤ ዓመት ሆነ። አንድ ቀን ወልድያ ያለችው ልጅ ቤቱ መሸጡን ከገበያ ሰው ሰማች። ስትጠይቅ ወንድሟ ወረቀት አወጣ። አባት ሳይሞቱ ቤቱንና ሱቁን ለእሱ ተናዘዋል የሚል፣ አሻራ ያለበት ወረቀት ነው።

ይህ ቤት በሸሪዓ ቢታይ ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ዕዳና ኑዛዜ ካለ ከተነሣ በኋላ የቀረው ንብረት 48 ቦታ ቢከፈል፣ ለሚስትየው ስምንተኛው እጅ ማለትም 6፣ ለሁለቱ ወንዶች ልጆች 14፣ 14፣ ለሁለቱ ሴቶች 7፣ 7 ይደርሳቸዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቢታይ ደግሞ ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ፤ ሚስትም ከጋራ ንብረቱ ድርሻዋ ይጠበቅላታል። ሁለቱ መንገዶች ይለያያሉ። በአንድ ነገር ግን አይለያዩም፤ ታላቅ ወንድም ሁሉን ይውሰድ የሚል ሸሪዓም ሕግም የለም።

የታላቁን ልጅ ቃልም መስማት ይገባል። «አባቴን በሕመሙ ያነሣሁትና ያገላበጥሁት እኔ ነኝ፤ ሱቁን ያቆምሁት እኔ ነኝ» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ለድካሙ ገንዘብ ይገባው እንደሆነ በግልጽ ተናግሮ፣ በማስረጃ አስደግፎ፣ ከውርሱ ክፍፍል በፊት ከሚነሣው ዕዳ ጋር ይጠይቅ። የድካም ዋጋ የሚጠየቀው በአደባባይ ነው እንጂ በሞተ ሰው አሻራ አይደለም።

ሐሰቱ አራት መልክ አለው

የውርስ ሐሰተኛ ሰነድ ሲባል ብዙዎቻችን የተጭበረበረ ፊርማ ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ መልኩ ብዙ ነው። አንደኛው ሟች ያላደረጉትን ኑዛዜ እንዳደረጉ አስመስሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ፣ ሟች በሕይወት ሳሉ ሸጠዋል ወይም በስጦታ ሰጥተዋል የሚል ውል ማዘጋጀት ነው። ሦስተኛው ማንበብ የማትችል እህትን «ለግብር ነው፤ ለስም ዝውውር ነው» ብሎ ድርሻዬን ለቅቄአለሁ በሚል ወረቀት ላይ ማስፈረም ነው።

አራተኛው ከሁሉም የረቀቀ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ሳይኖር ፍርድ ቤት ቀርቦ «የሟች ወራሽ እኔ ብቻ ነኝ» ማለት፣ ይህንኑ የሚሉ ምስክሮች ማቆምና የወራሽነት ምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። በዚህኛው ፊርማው እውነተኛ ነው፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነው፤ ዳኛውም እውነተኛ ዳኛ ናቸው። ሐሰቱ ያለው በምስክሮቹ አፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ማኅተም አለበት» ማለት «እውነት ነው» ማለት አይደለም።

የብሩ ዋንጫ

ውድ አንባቢያን፣ አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ስለ ሶላት አፈጻጸም ዝርዝሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማብራሪያ ሲተወው፣ የውርስን ድርሻ ግን ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያለ ራሱ ዘርዝሮታል። በሱረቱ ኒሳእ 7ኛ አንቀጽ፣ ንብረቱ ቢያንስም ቢበዛም ለወንዶች ድርሻ እንዳላቸው ሁሉ ለሴቶችም ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ባለቤት ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመጣችው፣ ባሏ በኡሑድ ተሰውቶ የልጆቹ አጎት ንብረቱን ሁሉ ስለ ወሰደው ነበር። የውርስ አንቀጽ ወረደ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አጎትየውን አስጠርተው ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛ፣ ለእናታቸው ስምንተኛ እንዲሰጥና የቀረውን እንዲወስድ አዘዙ። ልብ በሉ! ይህች ሴት «ሺህ ዓመት እጠብቃለሁ» አላለችም። ተነሥታ ሄደች፤ ጠየቀች፤ አገኘች። «የወንድሟን ቤት አፈረሰች» ብሎ የነቀፋት ሶሓባም አልተሰማም።

ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው በሱረቱል ማኢዳ ከ106 እስከ 108 ያለው ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት ከበኑ ሰህም ጎሣ የሆነ አንድ ሙስሊም ከተሚም አድ-ዳሪና ከዐዲይ ኢብኑ በዳእ ጋር ለንግድ ወጣ። ሁለቱ በዚያን ጊዜ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሰውየው ሙስሊም በሌለበት አገር ሞተ፤ ዕቃውንም ሁለቱ ለቤተሰቡ አደረሱ። ቤተሰቡ ዕቃውን ሲመለከት በወርቅ የተለበጠ የብር ዋንጫ ጎደለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን አስማሏቸው፤ ማሉም። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለ። ኋላ ግን ዋንጫው መካ ውስጥ ተገኘ። የያዙትም ሰዎች «ከተሚምና ከዐዲይ ገዛነው» አሉ። ያኔ ከሟቹ ዘመዶች ሁለት ሰዎች ተነሥተው የእነርሱ ምስክርነት ከፊተኞቹ ይልቅ እውነት መሆኑን ማሉ፤ ዋንጫውንም ወሰዱ።

በዚህ ውስጥ ሦስት ትምህርት አለ። አንደኛ፣ የፊተኛው መሐላ ለሐቅ በር አልዘጋም፤ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ጉዳዩ እንደገና ታየ። ሁለተኛ፣ እውነተኞቹ ወራሾች ዝም አላሉም፤ ዋንጫውን ፈለጉ፤ በእጁ ያገኙትን ሰው «ከማን ገዛህ?» ብለው ጠየቁ። ሦስተኛ፣ አንቀጹ በመንገድ ላይ ሞት የመጣበት ሰው ከእምነቱ ውጭ ያሉ ሰዎችን ለኑዛዜው ምስክር ስለማድረግም ይናገራል። ይህ ፍርድ ዛሬም ይሠራል ወይስ ተሽሯል በሚለው ላይ ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው። ነገር ግን በላስታ ለምንኖር፣ ጎረቤታችን፣ የገበያ ባልደረባችንና የዕድር ጓደኛችን አብዛኛውን ክርስቲያን ለሆነው ለእኛ፣ ነገሩ ሩቅ አይደለም። አባታችን ስንት ልጆች እንደወለደ የሚያውቀው ያ ጎረቤት ነው። እውነቱን ለመመስከር ቢጠራ ይመጣል፤ የማይጠራው ግን እኛ ስለምናፍር ነው።

በሱረቱል በቀራ 181ኛ አንቀጽ ደግሞ ኑዛዜን ከሰማ በኋላ የለወጠ ሰው ኃጢአቱ በራሱ በለዋጩ ላይ መሆኑ ተነግሯል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ ለፍርድ ቤት ወረቀት ሁሉ መመዘኛ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርሳቸው ሰው እንደሆኑና በሚሰሙት እንደሚፈርዱ፣ ከተከራካሪዎች አንዱ አንደበቱ የረታለት ሊሆን እንደሚችል፣ በዚህ የተነሣ የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው የእሳት ቁራጭ እንደተቆረሰለት ተናግረዋል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍርድ እንኳ ያልሐላው የሌላ ሰው ገንዘብ፣ በወረዳ ፍርድ ቤት ማኅተም ይሐልላልን?

ሰነድ ምንድን ነው?

በመድረሳ ሐዲስ የቀራ ሁሉ «ሰነድ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ሐዲሱን ማን ከማን ሰማው፣ እርሱስ ከማን ሰማው የሚለው ሰንሰለት ሰነድ ይባላል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ ይኸው የዐረብኛ ቃል ወረቀት ሆነ። ሊቃውንቱ ሐዲስ ሲቀርብላቸው ቃሉ ማማሩን አይተው ብቻ አልተቀበሉም። «ይህ ሰው ከዚያ ሰው ጋር ተገናኝቷልን? በዚያ ዘመን ነበርን? ታማኝ ነውን?» ብለው ጠይቀዋል። እኛ ግን ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ይህን ያህል የተጠነቀቁ ሊቃውንትን ኪታብ እየቀራን፣ ስለ አባታችን ቃል የመጣውን ወረቀት ሳናገላብጥ እንቀበላለን።

በአምስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ለወዚሩ ኢብኑል ሙስሊማ አንድ የቆየ ወረቀት ቀርቦላቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኸይበር ሰዎች ጂዝያን እንዳነሡላቸው የሚገልጽ፣ የሶሓቦች ምስክርነት ያለበት ነው። ወዚሩ በ463 ዓመተ ሒጅራ ለሞቱት የሐዲስ ሊቅ ለኸጢብ አል-ባግዳዲ አሳዩአቸው። ሊቁ ተመልክተው «ሐሰት ነው» አሉ። እንዴት እንዳወቁ ሲጠየቁ የምስክሮቹን ስም አመለከቱ። ሙዓዊያ በምስክርነት ተጽፈዋል፤ ሙዓዊያ ግን የሰለሙት መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመት ነው፤ ኸይበር የተከፈተችው በ7ኛው ነው። ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝም ተጽፈዋል፤ እርሳቸው ደግሞ በ5ኛው ዓመት ሞተዋል። ወረቀቱ በገዛ ምስክሮቹ ተጋለጠ።

ይህ ጥበብ ለእኛም ይሠራል። የኑዛዜ ወረቀት ሲቀርብልህ ቀኑን ተመልከት። በዚያን ቀን አባትህ የት ነበሩ? ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ነበርን? ምስክር የተባለው ሰው በዚያን ቀን በሕይወት ነበርን? በአገሩስ ነበርን? ማኅተሙ ላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ስም በዚያ ዓመት ይሠራበት ነበርን? አባትህ ጽሕፈት የማይችሉ ከሆኑ በገዛ እጃቸው የተጻፈ ኑዛዜ ከየት መጣ?

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በአንቀጽ 881 መሠረት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ይህም በጽሑፉ ላይ መገለጽና ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረገው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት። የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች ሞግዚትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ካልሆነ በስተቀር አይጸናም። ስለዚህ «አባቴ ሲሞት ቤቱን ለአንተ ብሎኛል» የሚል ቃል ብቻውን ቤት አያወርስም። በሸሪዓም ኑዛዜ ከሲሶ አይበልጥም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይደረግም። እንግዲህ ያ ከላይ ያየነው ወረቀት እውነተኛ እንኳ ቢሆን በሸሪዓ ሚዛን ይወድቅ ነበር።

ከአንቀጽ 996 ጀምሮ ያለው ስለ ወራሽነት ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ እስኪሰረዝ ድረስ የያዘው ሰው እንደ ወራሽ ይቆጠራል። ግን ይሰረዛል! እውነተኛው ወራሽ በአንቀጽ 999 መሠረት ወራሽነቱ እንዲታወቅለትና ንብረቱ እንዲመለስለት መክሰስ ይችላል። ይህ ክስ ነው በአንቀጽ 1000 የሦስት ዓመት ይርጋ ያለበት። ባታውቅ እንኳ ሟች ከሞቱ ወይም መብትህ ሊሠራበት ከሚችልበት ቀን 15 ዓመት ካለፈ በሩ ይዘጋል። ከዘር ለወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ብቻ በዚህ የ15 ዓመት ገደብ ላይ ልዩ ሁኔታ ተደርጓል። ለተረቱ በሕጉ ውስጥ የቀረችለት ጠባብ ቀዳዳ ይህች ናት፤ በእርሷ ተማምኖ የሚተኛ ግን ተላላ ነው።

ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትና ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ መገልገል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው። በሐሰት መመስከርም እንዲሁ። ይህ ክስ ከውርስ ክሱ የተለየ ነው፤ ለፖሊስ የሚቀርብ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤትስ? የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረዋል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ስለ ውርስና ኑዛዜ የማየት ሥልጣን አላቸው። ክልሎችም በሕገ መንግሥቱ ተመሳሳይ ፍርድ ቤቶችን ማቋቋም ይችላሉ። ሆኖም በአንቀጽ 34(5) መሠረት ተከራካሪዎቹ መስማማት አለባቸው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አንደኛው ወገን ሳይስማማ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየን አንድ የውርስ ጉዳይ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ወንድምሽ አልስማማም ካለ «ሸሪዓ እስኪቀበል እጠብቃለሁ» ብለሽ ጊዜሽን አትጨርሺ፤ መደበኛው ፍርድ ቤት ክፍት ነው። የገጠር እርሻ መሬት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ስላለ፣ የመሬቱን ጥያቄ ከቤቱና ከከብቱ ጥያቄ ለይቶ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ሕጉን የምነቅፍበት

ሕጉ እውነተኛውን ወራሽ ይጠብቃል። ጥበቃው ግን ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ወረቀቱ ሲሰጥ የሚሰማው ባመዛኙ የአመልካቹና አመልካቹ ያመጣቸው ምስክሮች ቃል ነው። ወልድያ ወይም ጅዳ ያለችው እህት በምን ትስማው? በጋዜጣ ማስታወቂያ ቢወጣ እንኳ ጋዜጣው ሙጃና ብልባላ አይደርስም። ዳኛው «የሟች ልጆች ስንት ናቸው?» ብለው የሟቹን ጎረቤቶች፣ የሟቹን ዕድርና የሟቹን መስጊድ ቢጠይቁ አንድ ቀን አይፈጅም። ይህ የሕግ ለውጥ ሳይሆን የልማድ ለውጥ ብቻ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ነቀፌታ ስለ ገዢው ነው። በአንቀጽ 997 መሠረት የወራሽነት ወረቀት ካለው ሰው የገዛ፣ ሻጩ መብት እንደሌለው ያለ ጥርጥር ማወቁ ካልተረጋገጠበት ግዢው አይፈርስበትም። በቅንነት የገዛ ሰው መጠበቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን እህትየው ክሱን አሸንፋ ቤቱን ላታገኘው ትችላለች ማለት ነው፤ የሚቀርላት ገንዘቡን አጥፍቶ የጨረሰ ወንድም ነው። ስለዚህ ከክስ በፊት እግድ ይቀድማል።

ሦስተኛው የዘመኑ መከራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላሊበላንና ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የመጣው ግጭትም ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ብዙ ጊዜ ዘግቷል። መዝገብ በጠፋበት አገር ሐሰተኛ ይበረታል፤ «ዋናው ተቃጥሏል፤ ኮፒው ይኸው» ይላል። በእንዲህ ያለ ዘመን ከወረቀት ይልቅ የሰው ምስክር ዋጋው ይጨምራል፤ የሐሰት ምስክርም ኃጢአቱ እንዲሁ።

ራሳችንን የምነቅፍበት

ከሕጉ ይልቅ ግን ራሳችንን ልወቅስ። በድሮው የርስት ሥርዓት በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት ባለቤት አልነበረም፤ ነጋዴ፣ ሸማኔ ወይም ጭሰኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ነው በሃይማኖት ሳይለይ ገበሬውን ከመሬት ጋር ያገናኘው። መከልከልን የምናውቅ ሰዎች ነን። ታዲያ እኛ በዘራችን ላይ የተፈጸመውን በእህቶቻችን ላይ እንዴት እንፈጽማለን?

የሐሰት ምስክር ሆኖ የሚቆመው ሌላ ሰው አይደለም። በጁምዓ ከጎናችን የሚሰግደው ነው። «ለጓደኛዬ ብዬ ነው፤ ስሜን ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትልልቅ ኃጢአቶችን ሲቆጥሩ ተደግፈው ነበር፤ የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ግን ተነሥተው ቁጭ አሉ፤ ሶሓቦቹ ምነው ዝም ባሉ እስኪሉ ድረስም ደጋገሙት። እኛ ይህን ሐዲስ እያወቅን ለአንድ ቁርስ ምሳ ስማችንን እንሰጣለን።

ሽማግሌዎቻችንም ይሰሙኝ። ሱልሕ የተወደደ ነው። ግን ሱልሕ የሚደረገው ሐቁ ከታወቀ በኋላ ነው። ሐቁ ሳይነገራት «ለዝምድና ብለሽ ተዪው» የተባለች እህት ይቅር አላለችም፤ ተዘረፈች። ኢማሞቻችንና አስተማሪዎችም ከወቀሳው አናመልጥም። ፈራኢድን ለደረሳ በኪታብ እናስቀራለን፤ ሟች ቤት ሄደን ግን «ወራሾች እነማን ናቸው? መቼ ትከፋፈላላችሁ?» ብለን አንጠይቅም።

ምን እናድርግ?

አባት ሆይ! ኑዛዜህን በሕይወትህ ጻፍ። የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል። በአራት ምስክር ፊት አስነብበህ አስፈርም። ዕዳህን፣ ሰው ያለብህን አማና፣ የልጆችህን ሁሉ ስም ከነእናታቸው ጻፍበት። አንዱን ቅጂ በታማኝ ሰው ዘንድ አስቀምጥ። የልጆችን ስም ዝርዝር ለመጻፍ ሀብታም መሆን አያስፈልግም።

ወራሾች ሆይ! ከቀብር በኋላ ዕዳው ተከፍሎ ንብረቱ ሳይውል ሳያድር ተቆጥሮ ይጻፍ። መከፋፈል ካልተቻለ እንኳ ምን እንዳለና የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይታወቅ።

የተበደልሽ እህቴ! ሐሰተኛ ወረቀት መኖሩን የሰማሽበትን ቀን ጻፊው፤ የሦስቱ ዓመት ቆጠራ ሲነሣ ይጠየቃልና። ወረቀቱን የሰጠው ፍርድ ቤት ሄደሽ የመዝገቡን ግልባጭ ውሰጂ። ተከራካሪ መሆን ሲገባሽ ያልተጠራሽበት ፍርድ ገና ካልተፈጸመ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358 መሠረት መቃወሚያ ማቅረብ ይቻላል። ንብረቱ እንዳይሸጥ በአንቀጽ 154 መሠረት እግድ ጠይቂ። ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናው ሰነድ እንዲቀርብ ጠይቂ፤ ፊርማው ወይም አሻራው በፖሊስ ፎረንሲክ ምርመራ እንዲታይም አመልክቺ። ለትንሹ ወንድምሽም አብረሽ ጠይቂ፤ የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ እሳት እንደሚበላ በሱረቱ ኒሳእ 10ኛ አንቀጽ ተነግሯልና። ይህን ሁሉ ስታደርጊ ዝምድና ቆረጥሽ የሚልሽን አትስሚ። ዝምድናን የቆረጠው ወረቀቱን የጻፈው ነው።

በመጨረሻም፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ፣ በሳጥኑ ውስጥም እንዲህ ያለ ወረቀት ያስቀመጠ ወንድም ቢኖር ለእርሱ አንድ ቃል አለኝ። የሕጉ ይርጋ ሊያድንህ ይችላል፤ በአላህ ዘንድ ግን ሐቅ በይርጋ አይሞትም። በአቡ ዳውድ ዘገባ፣ ያንን የእሳት ቁራጭ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩት ማስረጃ በሌለው የቆየ ውርስ ለተጣሉ ሁለት ሰዎች ነበር። ሁለቱም ሰምተው አለቀሱ፤ እያንዳንዳቸውም «ሐቄ ለወንድሜ ይሁን» አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲከፋፈሉ፣ ሐቁን እንዲፈልጉ፣ ዕጣ እንዲጣጣሉና ይቅር እንዲባባሉ አዘዟቸው። እነዚያ ሰዎች ሺህ ዓመት አልጠበቁም፤ በዚያው ቁጭ ባሉበት ተመለሱ። አንተም እህትህ በሕይወት ሳለች ዛሬውኑ ደውልላት።

አላህ ሐቅን አውቀው ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።